የቅዳሜዋ ቁራሽ

ውድ ኦርላንዶ፣

አንተ አስር ዓመትህ፣ እኔ ዘጠኝ ሆነን «ጌታው ኦርላንዶ» እያልኩ ነበር የምጠራህ። አሁን ሁለታችንንም ሽበት ወርሶናልና አንተ ብልህ አይክፋህ። ቢከፋህም ግድ የለኝም። አንተ አባቴን ስሙን ለውጠህ መጽሐፍ ውስጥ ስታስገባው ማንን አስፈቀድክ?

ኬዚያ ነኝ፣ የማገዶ ፈላጩ የአይሻም ልጅ። መልኬ ትዝ አይልህ ይሆናል፣ ምክንያቱም እናንተ ዘንድ ብዙ አልቆየሁም። አዲስ ዓመት በገባ ቁጥር፣ ባሪያ በሚከራይበት ቀን፣ አባትህ ፍርድ ቤቱ ደጃፍ ላይ ያቆመኝና ሂኮሪ ቤንድ የሚባል ቦታ ላለው እርሻ ያከራየኝ ነበር። አባቴ ግን እናንተው ጋ ወንዙ ዳር ቀረ። ለእንፋሎት መርከቦቹ ማገዶ እየፈለጠ፣ አንተ ቀኑን ሙሉ እግር በእግር እየተከተልከው። እኔን የሚያየኝ በወር አንድ ቅዳሜ፣ አባትህ የይለፍ ወረቀት ሲጽፍለት ብቻ ነበር። ዘጠኝ ማይል በእግሩ ይመጣል፣ ሁለት ሰዓት ያህል አጥሩ ላይ አብረን እንቀመጣለን፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይመለሳል። ስለዚህ ልንገርህ፣ ቀንቼብህ ነው የኖርኩት። አርጅቼም ቅናቱ አልለቀቀኝም፣ ይኸው ዛሬም ብዕር ያስጨበጠኝ እሱ ነው።

መጽሐፍህን ያገኘሁት በመጥረጊያዬ ነው ብልህ ይቀላል። የከተማውን ቤተ መጻሕፍት የማጸዳው እኔ ነኝ። ማንበብ የተማርኩት ነጻነት ከመጣ በኋላ፣ ትልቅ ሴት ሆኜ ከሕፃናት ጋር አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ነው። አንድ ማክሰኞ አቧራ ስወለውል ገለጥኩት። ሦስተኛው ገጽ ላይ አንድ ሰው ምሳሩን ከማንሳቱ በፊት ግንዱን «ይቅር በለኝ ወንድሜ» ይለዋል። ቁጭ አልኩ። እንዲህ የሚል ሰው በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው የማውቀው።

መጀመሪያ ደስታ ነው የተሰማኝ። ቀጥሎ የመጣውን ግን ምን ልበልህ፣ ዓይኔ ደም ለበሰ። በዚያ የጎርፍ ዓመት ከአባትህ አለንጋ ሸሽተህ የግንድ ርብራብ ላይ ወጣህ፣ ውኃው ወሰደህ፣ አባቴም ዋኝቶ ደረሰብህና ስምንት ቀን ወንዙ ላይ አብራችሁ ቆያችሁ። ስምንት ቀን ከነሌሊቱ። አምባዛ አጥምዶ አበላህ፣ ዝናብ ሲመጣ ኮቱን አለበሰህ፣ ከዋክብቱን በስማቸው ነገረህ። እኔ በሕይወቴ ያገኘኋቸው ቅዳሜዎች ሁሉ ቢደመሩ ስምንት ቀን አይሞሉም። አንድም ቀን አጠገቤ ተኝቶ አያውቅም። ማንኮራፋቱን እንኳ ያወቅሁት ካንተ መጽሐፍ ነው።

ይባስ ብሎ ከስምንቱ ቀን አንዱ የእኔ ቅዳሜ ነበር። አጥሩ ላይ ሆኜ እስኪጨልም ጠበቅሁት። የሚቀጥለውም ቅዳሜ ጠበቅሁት። ያንተን መጥፋት ስሰማ ገባኝ፤ የነጩን ልጅ ሊከተል እኔን ረሳኝ አልኩ። አባቴን እንደዚህ አኩርፌው ሃምሳ ዓመት ኖርኩ።

አሁን መጽሐፍህ ከተማውን ለሁለት ከፍሎታል። የቤተ መጻሕፍቱ ሰብሳቢ ወይዘሮ ክሮፍት «ልጁ ይዋሻል፣ ዶሮ ይሰርቃል፣ አነጋገሩ የጋጠወጥ ነው፣ ልጆቻችንን ያበላሻል» ትላለች። የእኛ ቤተ ክርስቲያን ሰባኪ ሆሴያ ቲብስ ደግሞ ጥቁርን የሚያዋርደው ያ ስድብ በየገጹ መኖሩ ሳያንስ ትልቁን ሰውዬ የሕፃን መሣቂያ አድርጎታል ብሎ ተቆጥቷል። ሁለቱም ይውጣ ባይ ናቸው። ባለፈው ሐሙስ ሸንጎ ተቀመጡና እኔንም ጠሩኝ። ስድቡ እኔንም ያቃጥለኛል፣ አልዋሽህም። ግን «ጣሉት» ልል የሄድኩት ስለ ስድቡ አልነበረም። አባቴን አንድ ጊዜ ወስደህብኛል፣ አሁን ደግሞ ለዓለም ሁሉ አካፈልከው። ከዚህ ክፍል እንኳ ልጣልህ ብዬ ነው።

በሩ አጠገብ ቆምኩ። ወይዘሮ ክሮፍት ከመነጽሯ በላይ አየችኝ።

«ኬዚያ፣ ሰውዬው አባትሽ ነው ይባላል። እስቲ ንገሪን፣ ይህ ልጆች እጅ የሚገባ ነገር ነው?»

«እህቴ፣ አትፍሪ፣ ተናገሪ» አለ ሰባኪው። «እስቲ መጀመሪያ ሠላሳ አራተኛውን ገጽ ያንብቡልሽ። በአባትሽ እንዴት እንደተጫወተ ትሰሚያለሽ።»

ያንን ገጽ ዘልዬው ኖሯል፤ ማክሰኞ ማክሰኞ ቆሞ ማንበብ ይኸው ነው ጉዱ። የሸንጎው ጸሐፊ ጉሮሮውን ጠርጎ አነበበ። ቅዳሜ ነው፣ ቀትር ነው፣ ርብራቡ አኻያ ዛፍ ሥር ተይዟል። ሰውዬው ከተረፈችው የበቆሎ ዳቦ ጥጓን፣ ቅርፊቷ የበዛውን፣ ይቆርስና በቅጠል ጠቅልሎ ከርብራቡ ዳር ያስቀምጣታል። ልጁ ርቦታል።

«ለማን ነው?»

«ባለቤት አላት። እንዳትነካት።»

ልጁም ለወንዙ መንፈስ የተሰጠች ናት ብሎ ይሥቃል። ሰውዬው የማያምንበት መንፈስ የለም ይላል። ሰውዬው ሲያንቀላፋ ልጁ ቁራሿን ይበላታል። ሲነቃም «አረንጓዴ ጢም ያለው መንፈስ መጥቶ በላትና አመስግኖ ሄደ» ይለዋል። ሰውዬው ፊቱን ወደ ውኃው አዙሮ እስኪመሽ ይቀመጣል። ልጁም ሆዱን ቁርጠት ይዞት ይሆናል ብሎ ይተወዋል።

ቤቱ በሣቅ ፈረሰ። ወይዘሮ ክሮፍት እንኳ በመሐረቧ አፏን ሸፈነች። «ይኸው» አለ ሰባኪው ጠረጴዛውን እየመታ፣ «መንፈስ የሚቀልብ ጅል አደረገው።»

እኔ በሩን ያዝኩ። አባቴ በመጣ ቁጥር አንዲት ነገር አትቀርበትም ነበር። ከኪሱ የቅጠል ጥቅልል ያወጣና «ነይ እስቲ የኔ እመቤት፣ ጥጓን ላንቺ ነው ያስቀረኋት» ይለኛል። ቅርፊቷን እንደምወድ ያውቃል። መንፈስ አልነበረም፣ ኦርላንዶ። ባለቤቷ እኔ ነበርኩ። ያን ቅዳሜ አልረሳኝም።

«ምነው ኬዚያ፣ አመመሽ?»

«መጽሐፉ ይቆይ» አልኩ።

«እህቴ፣ ምን ነካሽ?»

«ይቆይ አልኩ። የአባቴ ፎቶ የለኝም። መቃብሩን አላውቀውም። ድምፁ ያለው እዚያ ውስጥ ብቻ ነው።»

ይቆይ አሉ፣ ግን ቁልፍ ያለው ቁምሣጥን ውስጥ። ቁምሣጥኑን የምወለውለው እኔ ስለሆንኩ አልተከራከርኩም።

መጽሐፍህ መጨረሻ ላይ ሰውዬው ነጻ ወጥቶ እያፏጨ ይሄዳል። እኔና አንተ ግን እናውቃለን። በዘጠነኛው ቀን ያለ ይለፍ ወረቀት ከወንዙ ማዶ ተገኘ፤ ልጁን ሰርቆ ሊያመልጥ ነበር ተባለ። አባትህ «ተከትሎህ ነው ወይስ ወስዶህ?» ሲልህ መሬት መሬት እያየህ ዝም አልክ። የቤታችሁ ወጥ ሠሪ ነገረችኝ። አባትህ ሉዊዚያና ላለ የሸንኮራ እርሻ ሸጠው፤ ከሦስት ዓመት በኋላ እዚያው ሞተ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይላሉ፤ ያኔ በአንዲት ቃል ማዳን የምትችለውን ሰው ዛሬ በሦስት መቶ ገጽ ነጻ አወጣኸው። አስር ዓመትህ ነበር፣ አውቃለሁ። አለንጋውንም አውቀዋለሁ። እያወቅሁ ግን አልበረደልኝም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

መጽሐፉን አርም አልልህም፣ ልጁን ደግ አታድርገው፣ ሣቁንም ተወው። የምጠይቅህ አንድ ነገር ነው። ሃምሳ ዓመት የናፈቀችኝን ያቺን የመጨረሻ ቁራሽ በዓለም ላይ የቀመስካት አንተ ብቻ ነህ። ሌላ ሰው ልጠይቅ አልችልም። ጣፍጣህ ነበር? ቅርፊቷ እንደ ድሮው ነበረች? እውነቱን ጻፍልኝ፣ እንደ ልጁ አትዋሽ።

ፖስታ እዚህ የሚደርሰው ቅዳሜ ነው። ቅዳሜ መጠበቅ ደግሞ ለምጄዋለሁ።

የቁራሿ ባለቤት፣
ኬዚያ፣ የአይሻም ልጅ