ዕቃው ገና አልመጣም

አምቦ
ሰኔ 19 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለእትዬ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉንፋኑ ለቀቀሽ ወይ? ልጆቹስ ፈተናቸውን ጨረሱ? እዚያ እናንተ ጋ ሸነን ዝናቡ በርትቷል ሲሉ ሰምቼ የዚያ የሚያፈስ ጣሪያሽ ነገር አሳስቦኛል። እኔ ጤነኛ ነኝ። አባዬም ይበላል፣ ይተኛል፣ ይቆጣል። ደህና ነን ብዬ ሰላምታዬን ልዘጋው ነበር፤ ግን ደህና አይደለንም። ወረቀት ያነሳሁትም ለዚሁ ነው።

በስልክ ስትጠይቂኝ እሺ፣ እሺ ብዬ የዘጋሁብሽ ንቄሽ እንዳይመስልሽ። አባዬ ከጎኔ አይጠፋም። ጠዋት ከእኔ ቀድሞ ጋራዥ ይገባል፣ ምሳ አብረን ነን፣ ከዚያም ተያይዘን ቤት ነው። የእኔ ስልክ ደግሞ የሚያወራው ለሰፈሩ ሁሉ ነው። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ነገ ወደ እናንተ ለሚመለሰው ለመምህር ተሻለ ሰጥቼዋለሁ፤ ከአንቺ እጅ በቀር ለማንም እንዳይሰጥ አስምዬዋለሁ። አንብበሽ ስትጨርሺ ቅደጂው።

እትዬ፣ የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። ልጆቹ ከአባዬ ጋር በዚያች ፒክአፕ ወንጪ እንዳይሄዱ። ቃል እንደገባላቸው አውቃለሁ፤ ጋቢና ከጎኑ ሊያስቀምጣቸው፣ ጀልባ ሊያሳፍራቸው። ቢሆንም እንዳይሄዱ። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ።

ጥር ላይ ነው የጀመረው። አባዬ መሪው እየተንቀጠቀጠ አስቸገረኝ ብሎ አመጣት። እውነቱን ለመናገር ያኔ የፊት እግሯ በእርግጥም አልቆ ነበር። በክሪክ አንስቼ ጎማውን ስነቀንቀው፣ ያቺ ጎማውን ከላይኛው ብረት ጋር የምታያይዘው ባለ ኳሷ ዕቃ፣ እኛ ቦል ጆይንት የምንላት፣ ቀጭ ቀጭ ትላለች። የግራውንም የቀኙንም ቀየርኩ። ራሴ እስከ ጉደር ነዳኋትና መሪውን በሁለት ጣት ይዤ ቀጥ ብላ ሄደችልኝ። በሦስተኛው ቀን አባዬ መልሶ አመጣት። አሁንም ይንቀጠቀጣል አለኝ።

መሪውን ከጎማው የሚያገናኙትን ቴስቲኒዎቹን ቀየርኩ። ይንቀጠቀጣል። በብረቶቹ መጋጠሚያ የሚገቡትን ጎማዎች፣ ጎሚኒዎቹን አብዱልከሪም ቶርኖ ቤት ወስጄ አስቀረጽኩ። ይንቀጠቀጣል። ኩሽኔታ ፈታሁ፣ ጎማ ባላንስ አሠራሁ፣ ከዚያች መኪና የፊት እግር እጄ ያላረፈበት ቀለሙ ብቻ ነው። እኔ ስነዳት ቀጥ፣ እሱ ሲነዳት ትንቀጠቀጣለች። ወይ ጉድ! ሙያዬን ተጠራጠርኩ፣ ጭራሽ ሰው መተት አደረገብኝ ወይ እስከማለት ደርሼ ነበር።

አንድ ቀን ላግዝህ አለኝ። ታውቂው የለ፣ እጁን ካላስገባ አይሆንለትም። የቡሎኑን ዳዶ አጠበቅሁና፣ እንዳይፈታ የምትገባውን ቀጭን መቆለፊያ ሽቦ ሰጠሁት። ሽቦዋ ቀዳዳውን ስታ ወደዚህ፣ ስታ ወደዚያ። ሞከረ፣ ሞከረ፣ ግንባሩን አላበው። በመጨረሻ ቀና ብሎ ቀዳዳው ጠቧል አለኝ። እውነትህን ነው አባ፣ ጠቧል አልኩና ተቀብዬ አስገባኋት። ከዚያ ሥራ ያለኝ መስዬ መኪናዋ ሥር ገባሁና አለቀስኩ።

መኪናዋ አይደለችም፣ እትዬ። እጁ ነው።

ሐኪም ቤት እንሂድ ስለው፣ የምትንቀጠቀጠው እሷ ናት፣ እሷን ውሰዳት ብሎ ወደ መኪናዋ ጠቆመኝ። የሚቀልድ መስሎኝ ልስቅ ስል ፊቱን አየሁትና ተውኩት። ሃያ ስምንት ዓመት የነዳ ሰው ነው። እንቁላል ነጋዴዎች ሌላውን መኪና እያሳለፉ የእሱን ቆመው የሚጠብቁት ሰው ነው። እማዬ ካረፈች ወዲህ ደግሞ ከዚያ መሪ ሌላ ምን ይዟል? እኔ ልጁ፣ መሪ ያስያዘኝን ሰው፣ መሪህን ልቀቅ ብዬ በየትኛው አፌ ልናገረው? አንቺ በስልክ፣ አንተ መካኒክ አይደለህ እንዴ፣ የገዛ አባትህን መኪና እንዴት ያቅትሃል ትይኛለሽ። ከሸነን ሆኖ መናገር ቀላል ነው! ይቅር በዪኝ፣ ሆድ ብሶኝ ነው።

ያልነገርንሽም ነገር አለ። ሚያዝያ ላይ ከሐሮ ወንጪ ሲመለስ ቦይ ውስጥ ገባ። እንቁላል ነጋዴዋ ወርቅውሃ ጋቢና ነበረች። ትከሻዋን ተመታች፣ እንቁላሉ እንዳለ አለቀ። እሱ ቴስቲኒው ነው ጉድ የሠራኝ አለ። እሷ ግን በሳምንቱ ጋራዥ መጥታ ወደ ጓሮ ጠራችኝና፣ እባክህ ልጄ፣ ወርቅውሃ የገበያ ቀን ቀይራለች በልልኝ፣ አባትህን ኦቦ ጅሩን እንዳላስቀይማቸው አለችኝ። ትከሻዋን ይዛ ነበር የምታወራኝ። ያን ቀን የመጣብኝ የልጆችሽ ፊት ነው።

ከዚያ በኋላ የሠራሁትን ስሚ። ራሴ የቀየርኩትን፣ ምንም ያልሆነውን የግራ ቦል ጆይንት ፈታሁና መሣሪያ ሳጥኔ ውስጥ በጨርቅ ጠቅልዬ ደበቅሁት። መኪናዋን ድንጋይ ላይ አስቀመጥኳት። ጥር ላይ ያወጣሁትን ያለቀውን ከውራጅ ብረቶቹ መሐል ፈልጌ፣ ይኸው፣ ይሄም አለቀ ብዬ አሳየሁት። ዕቃው አዲስ አበባም ጠፍቷል፣ መንገዱም እንደምታውቀው ነው አልኩት። ዕድሜ ልኬን ሌሎችን መካኒኮች የምሰድብበትን ሥራ በገዛ አባቴ ላይ ሠራሁት።

አመነኝ። ማመን ብቻ! ለሚመጣው ደንበኛ ሁሉ፣ ልጄ ግማሽ ዓመት ሙሉ አንዲት መኪና ማዳን አቅቶታል፣ እናንተም ሌላ ቦታ ብታሳዩ ይሻላል ማለት ጀመረ። ሁለት ደንበኞቼ በዚሁ ሄደዋል። አሁን አምቦ ላይ ስሜ፣ ያባቱን መኪና መጠገን ያቃተው ሆኗል። ይሁን። የእኔ ስም ጠፍቶ እሱ በሕይወት ይኑር ብዬ ዋጥኩት።

ባለፈው ማክሰኞ ግን የአባዬ ጓደኛ ጋሽ መልአኩ ከአዲስ አበባ ሲመለስ፣ ጓደኛዬ ደስ ይበለው ብሎ፣ ስንት ሱቅ ዞሮ ዕቃውን ገዝቶለት መጣ። ደግ ሰው፣ ምን ይባላል! አባዬ እዚያው እንደቆመ ነው ለልጆቹ ደውሎ፣ ቅዳሜ ሳምንት ወንጪ ነን ያላቸው። አንቺም ወዲያው ስትደውዪልኝ እሺ፣ እሺ ያልኩሽ ያኔ ነው።

ጋሽ መልአኩ እንደሄደ ዕቃውን አገላብጬ አየሁና፣ የሌላ ሞዴል ነው፣ አይገጥምም አልኩ። አባዬ ያለቀውን ከጠረጴዛው ላይ አነሳ፣ አዲሱን በሌላ እጁ ያዘ፣ ጎን ለጎን አደረጋቸው። አንድ ናቸው፣ እትዬ። የተጻፈባቸው ቁጥር ሳይቀር አንድ ነው። ይህ ደግሞ ለእሱ የሚጠፋው ነገር አይደለም። ሁለቱ ብረቶች እጁ ላይ እየተንቀጠቀጡ እርስ በርስ ሲጋጩ ይሰማኛል። ቀና ብሎ አየኝ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። አይገጥምም? አለኝ። አይገጥምም አባ አልኩት።

አዲሱን ወደ ካርቶኑ መለሰው። ብዙ ጊዜ ፈጀበት፤ ላግዝህ አላልኩትም። ራሱ ወስዶ ከዘይት ጣሳዎቹ ጀርባ፣ ሰው በማያየው ቦታ አስቀመጠው። ከዚያ፣ እንግዲህ ሌላ እዘዝ አለኝ። እሺ አልኩት። በሩ ላይ ሲደርስ ዞር አለና፣ ሱታ በል፣ ቀስ ብለህ፣ ምንም አያስቸኩልም አለኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ መሪው ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። ጋራዥ ይመጣል፣ ድንጋይ ላይ እንደቆመች መስታወቷን ያጥባል፣ ለጋሽ መልአኩ ያመጣኸው አልገጠመም ብሎታል፣ ሌላ ሰው ሲጠይቀው ዕቃ እየጠበቅን ነው ይላል። እኔም አዎ፣ እየጠበቅን ነው እላለሁ። ትናንት ግን ልጆቹ ደውለው፣ አያታችን፣ መቼ ነው መጥተህ የምትወስደን እያሉ ሲነዘንዙት፣ ዓይኑ ወደ ዘይት ጣሳዎቹ ሲሄድ አየሁት። ለመግጠም አንድ ሰዓት አይፈጅም። እሱም ያውቀዋል። ዛሬ ተነስቶ ግጠምልኝ ቢለኝ እምቢ የምልበት ጉልበት የለኝም። እኔ መፍታትና መግጠም እንጂ ሌላ ነገር አላውቅም፤ ምን እንደማደርግ ግራ ገብቶኛል።

ስለዚህ ልጆቹን ዝም አሰኚልኝ። መኪናዋ እምቢ አለች በያቸው። መንገዱ ሰላም ከሆነ የፊታችን ቅዳሜ በሚኒባስ ይዘሻቸው ነይ፣ እዚሁ አብረውት ይዋሉ። ስትመጪ አደራ፣ እጁን ትኩር ብለሽ እንዳታዪበት። ይልቅ ጋሽ መልአኩም ሌላውም ሰው ባለበት ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ፣ አባዬ፣ ዕቃው ገና አልመጣም እንዴ? ብለሽ ጠይቂልኝ።

እግዚአብሔር አንቺንም ልጆችሽንም በጤና ያቆይልኝ። መንገዳችሁን የሰላም ያድርገው። አባታችንን ለእኛ ያኑርልን።

መኪናዋን መጠገን ያቃተው
ታናሽ ወንድምሽ