የሩፊኖን ስም የሚጠራው ማሽን

ውድ ታላቅ እህቴ ማናንግ ሉዝ፣

ይህ ደብዳቤ እጅሽ ሲገባ ሚላኖ ብርዱን ጀምሮት ይሆናልና ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ደረትሽ ልጠይቅሽ። ሳሉ ተወሽ? ጉልበትሽስ ደረጃውን እሺ ብሎ ያወጣሻል? የምታስታምሚያቸው ሴትዮ እንዴት ናቸው? እንቅልፍ ይሰጡሻል ወይስ አሁንም ደወላቸውን እየደወሉ ሲያስነሱሽ ነው የሚያድሩት? እኛ አለን። እናታችን ናናይ አለች፤ የእግሯ እብጠት ቀንሷል፤ ሩዟንም ትበላለች። ፌሊሳ አለች፤ ልጆቿም አሉ። ደህና ነን ብዬ ብጽፍ እንደማታምኚኝ አውቃለሁና አለን ብዬ ልተወው።

ወንድማችንን ሩፊኖን ሳትቀብሪ መቅረትሽ እንዴት እንዳንገበገበሽ ከድምፅሽ ሰምቻለሁ። ስለ ቀብሩ የጠየቅሽኝን ሁሉ በስልክ ነግሬሻለሁ። አንድ ነገር ግን አልነገርኩሽም። በስልክ የሚነገር አልነበረም፤ ናናይም በደወልሽ ቁጥር አጠገቤ ትቀመጣለች። አሁን አርባውም ስላለፈ፣ ነገሩም ስላለቀ፣ ከሥሩ ልንገርሽ።

የሚጀምረው ከምንሠራበት ብስኩት ቤት ነው። ሩፊኖ ሳይሞት በፊት ባለቤቷ ሴኞራ ኮንሱዌሎ ቢሯቸው አስጠሩኝና፣ “ዳሚያን፣ እኔ አርጅቻለሁ። በር ላይ ቆሜ ማን ገባ ማን ቀረ የምልበት ጉልበት የለኝም። የሠራተኛውን መግቢያና መውጫ የሚመዘግብ ነገር ፈልግልኝ” አሉኝ። አንቺም በወጣትነትሽ ለገና ሰሞን ብስኩት ስታሽጊ ስለኖርሽ የበሩን የፊርማ ወረቀት ታውቂዋለሽ። ዝናብ መንገዱን ሲይዘው አንዱ ለሌላው መፈረሙ እዚያ ቤት እንደ ጉርብትና የሚቆጠር ነው። የማሸጊያ ክፍል ኃላፊዋ ፓሲንግ አንድ ጊዜ ወልዳ ለተኛች ልጅ ሁሉ “ገብታለች” ብላ ፈርማላታለች። ሴኞራ ያንን አልረሱትም።

ሦስት ዓይነት አገኘሁ። የመጀመሪያው የጣት አሻራ የሚያነብ ነው፤ እሱ በሽማግሌው ጋጋሪ በታታይ ግሬጎ ጣት ተፈትኖ ወደቀ። የምድጃው ብረት ለዘመናት የላሰው ጣት ላይ አሻራ ከየት ይመጣል? ማሽኑ “እንደገና ይሞክሩ” ባለው ቁጥር ጣቱን እያየ፣ “ስጋግር አለ፤ ደሞዝ ሲሆን ጠፋ” እያለ አሳቀን። ሁለተኛው ካርድ ሲከቱበት ሰዓቱን ቷ አድርጎ የሚመታ የድሮ ብረት ነው፤ አሳፋሪ መሰለኝና ተውኩት። ሦስተኛው ፊት የሚያይ ነበር። ሬይኒየር የሚባል ሽቶው ቀድሞት የሚገባ የሽያጭ ልጅ ለሙከራ አምጥቶ መግቢያው ላይ ሰቀለልን። ከፊቱ ስትቆሚ አረንጓዴ ይበራና በሴት ድምፅ እንደምን አደርሽ ብሎ ስምሽን ይጠራል። ስም የሚጠራ መሆኑ ሁላችንንም ደስ አለን። ስናስበው ሴኞራን ራሳቸውን በር ላይ ያቆምን መሰለን።

ፊታችንን ያስመዘገብን ቀን ሩፊኖ ሳቁን መያዝ አቃተውና ማሽኑ አልቀበልህም አለው። ሬይኒየር “ፊትህን ኮስተር አድርገው እንጂ” ቢለው፣ “ይሄ ፊት ኮስተር ማለት አያውቅም፤ ሚስቴን ጠይቃት” አለ። ፌሊሳ ከማሸጊያው ጠረጴዛ ቀና ሳትል፣ “ቤት ሲገባማ ያውቅበታል” አለች። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። በመጨረሻ ግን ተመዘገበ። ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ማሽኑ ሲጠራው፣ “ደህና አደርኩ እመቤቴ፤ ቁርስ በላሽ?” እያለ ያልፍ ነበር። ብዙም አልቆየም። አደባባዩ ያለው የትራፊክ መብራት ላይ፣ ብስኩት በጫነው መኪና ውስጥ፣ እጁ መሪው ላይ እንዳለ ልቡ መቆሙን ታውቂያለሽ።

ለቅሶው ላይ የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች አንድ ምሽት እንኳ አልቀሩም። እንደ ወጋችን ከለቅሶ ቤት ወጥቶ በቀጥታ ቤት አይገባምና፣ ሟቹ ተከትሎ እንዳይመጣ መንገድ ላይ የሆነ ቦታ አረፍ ይሉ ነበር። ሌላው ሰው ገበያ ዳር ወይም ሾርባ ቤት ነው የሚያርፈው። የእኛዎቹ ግን ዘበኛው ስለሚከፍትላቸውና መቀመጫም ስላለ ብስኩት ቤቱን ማረፊያ አደረጉት። በየምሽቱ እዚያ ተቀምጠው ውሃ ጠጥተው፣ ልብሳቸውን አራግፈው ይበተናሉ። ሩፊኖን የሚተዉት በገዛ መሥሪያ ቤቱ መሆኑ ለአንዳቸውም አልታያቸውም።

ከቀብሩ ማግስት ሥራ ገብቼ የማሽኑን መዝገብ በኮምፒውተሩ ስከፍት ከገቡት ሠራተኞች መሀል ሩፊኖ አለ። የማሽኑ ስህተት ነው አልኩ። በማግስቱም አለ። በሦስተኛው ቀን ፓሲንግ ከትከሻዬ በላይ አንገቷን አስግጋ አየችና የያዘችው የብስኩት ካርቶን ከእጇ ወደቀ። “እኛው ነን ያመጣነው” አለች። “በየማታው እየመራን አምጥተን እዚህ አስቀመጥነው።” ታታይ ግሬጎ ሊያረጋጋት ብሎ፣ “መጣ እንበል፤ ሰዓቱን አክብሮ ነው የመጣው። የምታረፍጂው አንቺ ነሽ” አላት። ማንም አልሳቀም።

ከዚያ በኋላ በዋናው በር የሚገባ ጠፋ። ሰዉ በዱቄት ማራገፊያው በኩል መግባት ጀመረ። እሱ በር ላይ ማሽን ስለሌለ፣ ያ ሁሉ ሕያው ሰው እየሠራ፣ ማሽኑ ላይ ሳያስታጉል የሚገኘው ሠራተኛ ሟቹ ብቻ ሆነ። ሁለት ልጆች ሥራቸውን ጥለው ሄዱ። ፓሲንግ ከቤተ ክርስቲያን ጠበል በጠርሙስ ይዛ ስትመጣ ሴኞራ በሩ ላይ አገኟትና፣ “ግድግዳውን እርጪ፤ ማሽኑን እንዳታረጥቢብኝ፤ ገና አልገዛሁትም” አሏት። እኔን ደግሞ ለብቻዬ ጠርተው፣ “እንግዛው ወይስ ይመለስ? ያመጣኸው አንተ ነህ፤ ቁርጡን ንገረኝ” አሉኝ።

እኔም ፈርቼ ነበር፣ ማናንግ። እሱ መምጣቱ አልነበረም የሚያስፈራኝ። እኔ ስገባ እሱ እዚያ ቆሞ ስለ ልጆቹ ቢጠይቀኝ ምን እመልሳለሁ የሚለው ነው። ቢሆንም የተጠየቅኩትን መመለስ ነበረብኝና አንድ ማለዳ ከሰው ሁሉ ቀድሜ ሄድኩ። ጋጋሪዎቹ በጓሮ ገብተው ምድጃቸውን እያነደዱ ነበር። መግቢያው ላይ ከማሽኑ ፊት ፌሊሳ ቆማለች። ስልኳን እንደ መስታወት ከፍ አድርጋ ይዛዋለች፤ ስልኩ ላይ በልጃቸው የመጀመሪያ ቁርባን ዕለት የተነሳው የሩፊኖ ፎቶ አለ። አረንጓዴው በራ። ማሽኑ እንደምን አደርክ ሩፊኖ አለ። እሷም ስልኩን ዝቅ አድርጋ ዓይኗን ጨፍና ቆመች።

አየችኝ፤ አልደነገጠችም። “ስሙን እኔ ስጠራው የምሰማው ራሴን ነው” አለችኝ። “ልጆቹ ሲጠሩት ያለቅሳሉ። ናናይማ መጥራቱንም ትታዋለች። ይሄ ግን እንደ ማንኛውም ቀን ይጠራዋል። ምንም እንዳልሆነ።” ሰዎቹ እየፈሩ መሆኑን ነገርኳት። “አውቃለሁ” አለች። “እስከ አርባው ተወኝ፤ ከዚያ በኋላ አልለምንህም።”

የገባሁበትን ማጥ አየሽልኝ? ብናገር ፌሊሳ ለሌለ ሰው “አለ” ብላ አስመዝግባለች፤ ማሽኑ የመጣው ደግሞ ይህንኑ ሊከለክል ነው። ሴኞራ በዚህ ጉዳይ ምሕረት እንደሌላቸው አንቺም ታውቂያለሽ፤ ያ ቤት ያለ አባት መቅረቱ ሳያንስ እናትየዋም ከሥራ ልትወጣ ነው። ዝም ብል ፎቶን ከሰው የማይለይ ዕውር ዕቃ በእኔ ቃል ሊገዛ ነው፤ ሰዉም ወንድማችንን እየፈራ ሊኖር። በሕይወት እያለ ሩፊኖን የፈራ ሰው አልነበረም፤ ያ ከሁሉ በላይ ከበደኝ። ቢሆንም ሴኞራን፣ “ሙከራው ገና አላለቀም” አልኳቸውና እስከ አርባው ዝም አልኩ።

አርባውን በጸሎት አወጣን። ናናይ ሩዙን በኮኮናት ወተት ራሷ ሠራች፤ የሱን ሳህን ከወንበሩ ፊት አኖረች። በማግስቱ ሴኞራን ወደ መግቢያው ይዤ ሄድኩና ከስልኬ ላይ የራሴን ፎቶ አውጥቼ ለማሽኑ አሳየሁት። እንደምን አደርክ ዳሚያን አለ። ሴኞራ ፎቶውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከዚያ በመስታወቱ በኩል ወደ ማሸጊያው ጠረጴዛ ብዙ ተመለከቱ። “ማን እንደሆነ አልጠይቅህም፤ አንተም አትንገረኝ” አሉ። ቀጥለው፣ “ያንን ካርድ የሚመታውን ግዛልኝ። ስም የማይጠራ ይሁን። ይሄን ልጁ መጥቶ ከመውሰዱ በፊት ግን የሰዎቼን ፊት አጥፋልኝ፤ ፊታችንን ይዞ አይሄድም” አሉኝ።

ለሠራተኛው ማሽኑ በፎቶ እንደሚታለል ተናገርኩ። ፓሲንግ፣ “ታዲያ ፎቶውን የያዘው ማነው?” አለች። ታታይ ግሬጎ ሽርጡን እያሰረ፣ “ሊጡ ከቆርቆሮው እየወጣ ነው፤ ወሬኛ ሁሉ ወደ ሥራ” አለና በተናቸው። ያ ሽማግሌ መቼ እንዳወቀ አላውቅም።

ማሽኑን ለማጽዳት ስቆም ፌሊሳ መጥታ አጠገቤ ቆመች። ፊታችንን አንድ በአንድ አጠፋሁ። ሴኞራን፣ ፓሲንግን፣ ታታይ ግሬጎን፣ ፌሊሳን፣ ራሴንም አጠፋሁ። ሩፊኖን ለመጨረሻ አስቀረሁት። እሱ ብቻ ሲቀር ትንሽ እንደ መታገሥ ብዬ ቀና አልኩ፤ ፊቴ ከማሽኑ ፊት ሆነ። አረንጓዴው በራ። እንደምን አደርክ ሩፊኖ አለኝ።

እኔ ፎቶ አልያዝኩም፣ ማናንግ። የፌሊሳም ስልክ ቦርሳዋ ውስጥ ነበር። በኋላ ሬይኒየርን ስጠይቀው፣ “የቀረው አንድ ፊት ብቻ ስለሆነ ለሱ የቀረበውን ይወስዳል፤ ወንድማማቾች አይደላችሁም እንዴ?” ብሎ ሳቀ። ትክክል ነው፤ ነገሩ ከዚህ አያልፍም። ያን ሰዓት ግን ይህን አላወቅኩም። ፌሊሳ ወደ እኔ ዞረች። ከተጋቡ ጀምሮ በአንድ ግቢ ኖረናል፤ እንደዚያ ቀን አይታኝ አታውቅም። “መልስለት እንጂ” አለችኝ ቀስ ብላ። “እሱ ይመልስ ነበር።” ደህና አደርኩ አልኩ። ከዚያ አጠፋሁት፤ እሷም እጇን ታጥባ ወደ ማሸጊያዋ ሄደች።

ያን ዕለት ወደ ቤት ስሄድ አንድ ነገር ገባኝ። ናናይ ከቀብሩ ወዲህ ስታዋራኝ ወደ መስኮቱ ትዞራለች። ምግቤን ታቀርብልኝና ጀርባዋን ሰጥታኝ ትቀመጣለች። ቀና ብላ አይታኝ አታውቅም ነበር። ሬሳውን ከሆስፒታል ቶሎ ስላላመጣን ተቀይማኛለች ብዬ ስንት ቀን ተብሰልስያለሁ፤ ለካ የምትሸሸው ሩፊኖን የሚመስለውን ፊቴን ነው። ያን ማታ ግን ወንበሬን አንስቼ በእሷና በመስኮቱ መሀል ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ። ልትዞር አለችና ተወችው። አየችኝ። ግንባሬን፣ አፍንጫዬን፣ አገጬን አየችኝ። ሩዙ እስኪቀዘቅዝ አየችኝ። ከዚያ ሳህኑን ወደ እኔ ገፋ አድርጋ፣ “ብላ እንጂ፣ ዳሚያን” አለችኝ።

ናናይ ጉንጭሽን ትስማለች፤ ሳልሽን በዝንጅብል አባርሪው ትልሻለች። ፌሊሳ ሰላም ብላሻለች፤ የላክሽላት ሹራብ ልክ ሆኗታል። ትልቁ ልጅ ኒሎ የሚላኖን ባቡር ፎቶ ላኪልኝ ይላል። ትንሿ ክላሪታ ጥርሷ ወልቋል፤ ያንን ለአክስቴ ጻፍልኝ ብላኛለችና ጽፌያለሁ። ታታይ ግሬጎና ፓሲንግም ሰላምታቸው ይድረስሽ። ለሴትዮዋ ጤና፣ ለአንቺ ብርታት ይስጥልን።

የሚወድሽ ወንድምሽ፣
ዳሚያን

ኢሎይሎ፣ ሃሮ
ኦክቶበር 14 ቀን 2019