ኪስዎ ውስጥ ስላለው የቴሌቪዥን ማዞሪያ

ድሬ ዳዋ፣ ግንቦት 1979 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ ጉግሳ
የቀበሌያችን ሊቀመንበር
ባሉበት

ግልባጭ፦ ማንበብ ለሚችል የቀበሌው ነዋሪ ሁሉ፤ ለማይችለውም የሚያነብለት ጎረቤት አይጠፋም።

ክቡር ጓድ ሊቀመንበር፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎ ለወይዘሮ አሰገደችና ለመላው ቤተሰብዎ የተሟላ ጤና እመኛለሁ። ይህ የግንቦት ሙቀት እኛን ከጥላ ወደ ጥላ ሲያንከራትተን እርስዎን በቢሮዎ ማራገቢያ ሥር በደህና እንዲያገኝዎት፣ ከሰዓት በኋላም በጫት በርጫዎ ላይ ሲቀመጡ ጉዳይ ያለው ሰው በርዎን እንዳያንኳኳብዎ ጸሎቴ ነው። እኔ የምድር ባቡር ሠራተኛ የነበረው የሟቹ የተሰማ ባለቤት የኔነሽ ነኝ፤ ከቀበሌው አዳራሽ በስተጀርባ፣ ግንቡ ላይ መፈክር የተጻፈበት ቤት ውስጥ እኖራለሁ። ያውቁኛል፤ አምና ልጄን የወሰዱት ከዚያው ቤት ነው።

ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው። ፊደል የቆጠርኩት በእርስዎ ሊቀመንበርነት፣ በዚሁ አዳራሽ በተሰጠው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ስለሆነ ምስጋናው ለእርስዎ ይገባል፤ ስህተት ቢገኝበትም፣ ድፍረት ቢገኝበትም ግማሹ የእርስዎ ነው። አስተማሪያችን ነገር ሲበዛ በተራ ቁጥር ይጻፋል ይለን ስለነበር እኔም እንደዚያው ለማድረግ እሞክራለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ማዞሪያው። ሕዝቡ አዋጥቶ የገዛው የአዳራሹ ቴሌቪዥን በእርስዎ ትእዛዝ በእንጨት ሳጥን ውስጥ ገብቶ ጓጉንቸር ከተበጀለት ወዲህ ከአቧራም፣ ከሌባም፣ ከተመልካችም ተጠብቆ መኖሩን በደስታ እመሰክራለሁ። ወጣቶቹ ጣቢያ መለወጫውን ሲያዞሩ የጅቡቲን ጣቢያ አግኝተው ጉልበታቸውን የገለጡ ሴቶች ሲዘፍኑ በማየታቸው፣ እርስዎ በስብሰባ ፊት ማዞሪያውን ከቴሌቪዥኑ ላይ ነቅለው በካኪ ኮትዎ ኪስ ሲከቱት እኔም ከፊት ተቀምጬ ነበር። አገራችን ያላት ጣቢያ አንድ ስለሆነ ለአንድ ጣቢያ ማዞሪያ ትርፍ ነገር ነው ያሉትን ንግግር እጄ እስኪቀላ አጨብጭቤለታለሁ። ያጨበጨብኩት የማያጨበጭብ ሰው ስለሚታወቅበት ብቻ አይደለም፤ ነገሩም እውነት መስሎኝ ነበር። ያች ትንሽ ክብ ፕላስቲክ አንድ ቀን እንዲህ እንቅልፍ ትነሣኛለች ብዬ በምን ልጠርጥር?

ሁለተኛ፣ ስለ ሰጡኝ ተስፋ። ልጄ ማዘንጊያ ለብሔራዊ ውትድርና ሲወሰድ መኪናው ፊት ወድቄ ሥራ እንዳስፈታሁ አይዘነጉትም። ማዘንጊያ ያልኩት አባቱ በሞተ በወሩ ስለተወለደ ነው፤ ሌላ ልጅ የለኝም። እርስዎም በርኅራኄ ክንዴን ይዘው አነሡኝና፣ አይዞሽ እትዬ የኔነሽ፣ ልጅሽን ጀግና ሆኖ በቴሌቪዥን ታይዋለሽ አሉኝ። ይህን ቃል የሰማ ሰው ብዙ ነው። ከዚያ ወዲህ ከማዘንጊያ አንድ ደብዳቤ መጣ፤ ከዚያ በኋላ ዝም አለ። ቢሮዎ በመጣሁ ቁጥር ወሬ ቢኖር ይነገርሽ ነበር እየተባልኩ ተመልሻለሁ። ለእናት ቤቷ ድረስ ተመጥቶ የሚነገራት ወሬ ምን ዓይነት እንደሆነ ስለማውቅ፣ ምንም ባለመባሌ አመስግኜ መመለስ ልማዴ ሆኗል። የጎረቤቴ የፋርሒያ ልጅ ዓብዱልአዚዝም በዚያው መኪና አብሮት ስለሄደ፣ ጠዋት ጠዋት በር ላይ ስንገናኝ እንዴት አደርሽ ከማለታችን በፊት ወሬ አለ ወይ እንባባላለን።

ሦስተኛው ቅሬታ አይደለም፤ ነገሩ እንዲገባዎ ነው። ባለፈው ሳምንት ባቡር ላይ የሚሠራው አለምብርሃን ከአዲስ አበባ ሲመለስ ሻንጣውን እንኳ ቤቱ ሳያስቀምጥ ወደ እኔ መጣ። በጦር ግንባር ያሉ ወታደሮች ለቤተሰቦቻቸው ሰላምታ የሚያቀርቡበት ዝግጅት በቴሌቪዥን ሲተላለፍ ሻይ ቤት ሆኖ እንዳየ፣ ከመካከላቸው አንዱ ማዘንጊያን እንደሚመስል፣ ነገር ግን ልጁ ከስቶና ራሱን ተላጭቶ ስለነበር መማል እንደማይችል ነገረኝ። ዝግጅቱ ሐሙስ ማታ ይደገማል ተብሏል አለኝ። ክቡር ጓድ፣ ከዚያ ሰዓት ጀምሮ እህል በአፌ አልዞረም። አለምብርሃን መማል ባይችል አልፈርድበትም፤ እኔ ግን አንድ ጊዜ፣ ለቅጽበት ባየው መማል እችላለሁ። የፈለግሁት ይህንን ብቻ ነበር።

እናም ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ማዞሪያውን ልለምንዎ ከፋርሒያ ጋር ቤትዎ መጣሁ። ጠባቂዎ ጓድ ስብሰባ ላይ ናቸው ብሎ መለሰን። ስብሰባው በመስኮት ይታይ ነበር፤ ጓዶቹ ፍራሽ ላይ ጋደም ብለው፣ አጀንዳው በየፊታቸው በእቅፍ በእቅፍ ተቀምጦ፣ ቅጠል ቅጠሉን እየመረጡ በጥልቀት ይወያዩበት ነበር። እንዲህ ያለ ስብሰባ እንደማይቋረጥ ድሬ ዳዋ የኖረ ሰው ሁሉ ስለሚያውቅ ከግንብዎ ጥላ ሥር ተቀምጠን ጠበቅን። ጥላው እየዞረ እኛም አብረነው እየዞርን ብዙ ቆየን። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እርስዎ በጓሮ በር ወጥተው ለሌላ ስብሰባ ወደ መልካ ጀብዱ መሄድዎን ሰማን። ኮትዎን ለብሰዋል፤ ማዞሪያው ኮትዎ ኪስ ውስጥ ነው።

አራተኛ የምለው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ቁጥሩ ከተሳሳተ ይቅርታዎን እለምናለሁ። የሳጥኑን ቁልፍ የሚይዘው ሰው ልጅ የላክን እናቶች አዳራሹ በር ላይ ተሰብስበን ስናለቅስ አንጀቱ አልችል ብሎት ከፈተልን። ስሙን እንዳልጽፍ ይፈቀድልኝ። ቴሌቪዥኑ ሲበራ የወጣው የጅቡቲ ጣቢያ ነበር። ክቡር ጓድ፣ ይህን እንዴት እንደምረዳው ያስተምሩኝ። ማዞሪያው ከተነቀለበት ቀን ጀምሮ ከኪስዎ ወጥቶ አያውቅም፤ ሳጥኑ ተቆልፏል፤ እኛ ለመጨረሻ ጊዜ ያየነው የራሳችንን ጣቢያ ነው። አዳራሹ ከተዘጋ በኋላ ከውስጥ የፈረንሳይኛ ዘፈን ይሰማል የሚሉ ሰዎች ነበሩ፤ እኔ ግን ሐሜት ስለማልወድ አልሰማኋቸውም። ምናልባት ቴሌቪዥኑ ብቻውን ተዘግቶበት ሲሰለቸው ራሱን አዙሮ ይሆናል።

የፋርሒያ ወንድም ዲሪር ከባቡር ጥገናው በቀጥታ ስለመጣ ፒንሳ ይዞ ነበር። አቦ፣ ባቡር ያዞርኩ ሰው ይቺ ታቅተኛለች እንዴ ብሎ ከተነቀለው ማዞሪያ ሥር የቀረችውን አጭር ዘንግ በፒንሳው ነክሶ በቀስታ አዞረ። አለምብርሃን ጣሪያው ላይ ወጥቶ አንቴናውን ወደ ተራራው በኩል ሲያዞር፣ መጣ ወይ ሲለን፣ አልመጣም ስንለው፣ ዝግጅቱ ተጀምሮ ኖሯል። መስታወቱ ላይ ነጭና ጥቁር ነጠብጣብ ከመርመስመሱ በቀር ሰው የሚመስል ነገር አልነበረም፤ ድምፅ ግን መጣ። አንዱ ለአባቱ፣ ሌላው ለእጮኛው ሰላምታ አቀረበ። ቀጥሎ አንድ ወጣት ስሙን ሲናገር ስሙን ጩኸት ዋጠውና፣ እናቴ ሆይ፣ እኔ ደህና ነኝ፣ አታስቢ የሚለው ብቻ ለእኛ ደረሰን።

ዲሪር ምስሉንም ላምጣው ብሎ እንደገና ፒንሳውን ሲያስጠጋ ሁላችንም በአንድ አፍ አትንካው ብለን ጮህንበት። ትንሽ ቢያዞረው ፊቱ ይመጣ ይሆናል፤ ድምፁም በዚያው ይጠፋ ይሆናል። ያገኘናትን ድምፅ ለማጣት የደፈረች እናት አልነበረችም። እኛ ስንጮህ ልጁ ንግግሩን ጨረሰ፤ ሌላ ተተካ፤ ከዚያ የሰልፍ ሙዚቃ ሆነ።

እኔ የማዘንጊያ ድምፅ ነው አልኩ። ፋርሒያ የዓብዱልአዚዝ ነው አለች፤ ቤት ውስጥ በሶማሊኛ ሆዮ ነው የሚለኝ፣ ቴሌቪዥን ላይ ግን በአማርኛ ተናገር ብለውት ይሆናል አለችኝ። ከኋላ የተቀመጠች ሌላ ሴት የእኔ ነው ብላ እዚያው መሬት ላይ ዘፍ አለች። ያጠባችው እናት የልጇን ድምፅ እንዴት አትለይም ብለው ይፈርዱብን ይሆናል፤ እኔም በራሴ ላይ ስፈርድ ሰንብቻለሁ። በዚያ ጩኸት ውስጥ ግን የሁሉም ልጅ ድምፅ አንድ ዓይነት ነበር። አልተጣላንም። እስኪጣራ ድረስ የሁላችንም ይሁን ብለን ተስማምተን ተለያየን። ቀን ቀን በስምምነታችን እጸናለሁ፤ ሲመሽ ግን ድምፁ የእኔው ልጅ ብቻ እንዲሆን እለምናለሁ፣ ከዚያም ፋርሒያ ትዝ ትለኝና አፍራለሁ። እንዲህ ያለ ክፉ ጸሎት ያስጸለየኝ አንድ ማዞሪያ ነው።

አምስተኛ፣ በማግሥቱ ከመልካ ጀብዱ ተመልሰው የወሰዱትን ፈጣን እርምጃ ሳላደንቅ ማለፍ አልችልም። ለልጆቻችን ወሬ አንድ ዓመት ጊዜ ያጣው ቢሮዎ ዲሪርን ለማሰር ግን ግማሽ ቀን አልፈጀበትም። የሕዝብ ንብረት በማበላሸትና የባዕድ ጣቢያ በመክፈት ተብሎ ይኸው በቀበሌው እስር ቤት ተቀምጧል፤ ፒንሳውም ማስረጃ ሆኖ ጠረጴዛዎ ላይ ተጋድሟል። ስለተበላሸው ንብረት፣ ቴሌቪዥኑ ዛሬም እንደበፊቱ ይሠራል፤ የጎደለው ኪስዎ ውስጥ ያለው ብቻ ነው። የባዕድ ጣቢያ የከፈተ ሰው ይቀጣ በሚለውም ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። ዲሪር ግን የዘጋው ነው። የከፈተውን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ኮት ለብሶ ይገኛል።

እንግዲህ ክቡር ጓድ፣ ከእርስዎ የምለምነው ብዙ አይደለም። ዲሪርን ይፍቱልን፤ እህቱ የልጇ ጭንቀት ይበቃታል። ማዞሪያውን ወደ ቦታው ይመልሱልን። ለቴሌቪዥን ጣቢያውም በቀበሌው ማኅተም አንዲት ደብዳቤ ይጻፉልን፤ በዚያ ሐሙስ ማታ እናቴ ሆይ፣ ደህና ነኝ ያለው ወጣት ስሙ ማን እንደሆነ ይጠይቁልን። የእኔ ደብዳቤ ማኅተም ስለሌለው የሚመልስለት የለም። ልጅሽን በቴሌቪዥን ታይዋለሽ ያሉኝ እርስዎ ነዎት፤ እኔ የጠየቅሁት ቃልዎ እንዲፈጸም ብቻ ነው። መልሱ የፋርሒያ ልጅ ቢሆን ከእሷ ጋር ቁጭ ብዬ ደስታዋን እደሰታለሁ፤ ከዚያ ቤቴ ገብቼ በሬን እዘጋለሁ። መልሱ ግን ይምጣ። አለማወቁ ነው የከበደኝ።

ጊዜዎን ወስደው እስከዚህ ስላነበቡልኝ፣ ቀድመው ያነበቡት ጎረቤቶቼም ስለታገሡኝ፣ ለዚህች ወረቀት ከስኳር ተራ ማስታወቂያው አጠገብ በአዳራሹ በር ላይ ቦታ ስላልነፈጓት፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ አመሰግናለሁ። ደብዳቤ ሁሉ በመፈክር እንዲዘጋ ስላስተማሩን እኔም እንደ ደንቡ ልዘጋ ጀምሬ ነበር።

አብዮታዊት እናት አገር ወይም

የቀረችውን አንዲት ቃል እጄ አልጽፍም ስላለኝ ቦታዋን ክፍት ትቻለሁ፤ እርስዎ በለመዱት እጅ ይሙሉልኝ።

የእርስዎ ታዛዥና አጨብጫቢ፣
የኔነሽ፣ የማዘንጊያ እናት

ማስታወሻ፦ ባለቤትዎ ወይዘሮ አሰገደች ሐሙስ ማታ ከእኛ ጋር በአዳራሹ ነበሩ። ሁላችንም ድምፁ የልጄ ነው ስንል እሳቸው ብቻ በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፍነው ወጡ። የእርስዎ ልጅና ማዘንጊያ በአንድ ክፍል እንደተማሩ፣ መኪናው በመጣበት ሰሞን ደግሞ የእርስዎ ልጅ ከከተማ ወጣ ብሎ ዘመድ ጋር እንደሄደና እስከ ዛሬ እዚያው እንዳለ ሠፈሩ ያውቃል። ቦታውን አልጽፍም፤ ማንም መጥቶ ቢጠይቀኝ አልናገርም፤ እናት ነኝ። በሚቀጥለው ጊዜ ስንቅ ይዘውለት ሲሄዱ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። እሱን ለማየት ማዞሪያ አያስፈልግዎትም።