ሰው የሌለበት ቤት

ጥቅምት 4፣ ማክሰኞ። ከቀኑ 7፡00

ዛሬ አምስት ጎብኚ። እንደ ወትሮው ከመርካቶው መስጊድ ጀመርን። በርበሬ በረንዳ ስንደርስ እንደ ወትሮው አስነጠሱ፣ ሳቁ፣ እኔም አብሬ ሳቅኩ። ስድስት ዓመት ሙሉ እዚያው ቦታ ላይ ስስቅ። ደብተሬ፣ ይሄም ሥራ ሆኖ ያበላል።

ማሳረጊያችን ያው ባለ ሰገነቱ ቤት። የየመን ነጋዴ ሠራው ይባላል። መቼ እንደሆነ የሚያውቅ የለም፤ የጎብኚው ፊት ከቀዘቀዘብኝ አሥር ዓመት እጨምርበታለሁ። የሰገነቱ ጣውላ አሁንም ያምራል። ደረጃው ግን በስብሷል፣ ላይ የሚወጣ የለም። ታች በረንዳው ላይ ጋሽ ኑሪ ከስፌት መኪናቸው ጋር። አንዷ ሴትዮ ልርገጠው አለች። ተነሥተው ወንበሩን ለቀቁላት። ክሩን በጠሰችባቸው፤ እሳቸው አይዞሽ ብለው ሳቁ። ጎብኚ አገሩ ሲገባ የሚያወራው ስለ ሰገነቱ አይመስለኝም፣ ስለ እሳቸው ነው።

ለእኔማ ከዚያም በላይ ናቸው። ከአባቴ ጋር በአንድ በረንዳ የሰፉ ሰው። አባቴ ከሞተ በኋላ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ዩኒፎርሜን የሰፉልኝ እሳቸው። ከወሎ በወጣትነታቸው መጥተው፣ ከበረንዳው ጀርባ ባለችው ክፍል አርባ ዓመት ኖሩ። ሚስት የለ፣ ልጅ የለ።

አሁን ሰፈሩ ሊፈርስ ነው። መንገድ ይሰፋል ተብሏል። ያለው ተስፋ አንድ ነው፦ ቤቱ በቅርስነት ከተመዘገበ አይነካም። ማመልከቻውን እኔ ጻፍኩ። ነገ ከቅርስ መ/ቤት ሊያዩት ይመጣሉ።

ጥቅምት 5፣ ረቡዕ። ከቀኑ 11፡00

መጡ። አንዲት ወጣት መዝጋቢና ሜትር የያዘ ሰው።

እነሱ ከመምጣታቸው በፊት እኔና ጋሽ ኑሪ ቤቱን አዘጋጀነው። አዘጋጀነው ስልህ፣ ፍራሻቸውን ጠቅልለን በጎረቤታቸው በእትዬ ዘነበች የበርበሬ መጋዘን ውስጥ ደበቅነው። ድስቱን፣ ምንጣፉን፣ ማንቆርቆሪያውን፣ ሁሉን። ማንም አላዘዘንም። መርካቶ እንዲህ ነው። ወረቀት የያዘ ሰው ሲመጣ ቤት ባዶ ይሆናል፣ ሠራተኛ እንግዳ ይሆናል፣ ሱቅ መጋዘን ይሆናል። ለግብር ይምጣ፣ ለቆጠራ ይምጣ፣ ለምን እንደመጣ ሳንጠይቅ እንሰወራለን። አባቴም እንዲሁ ነበር። እኔም ባዶ ከሆነ ንጹሕ ይመስላል፣ ቶሎ ቅርስ ይሉታል ብዬ አሰብኩ። ጎበዝ ነኝ አይደል?

ልጅቱ እዚህ የሚኖር ሰው አለ ወይ ብላ ጠየቀች። ጋሽ ኑሪ ከመኪናቸው ብድግ አሉ። የልብስ መለኪያቸው አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል፣ ጣታቸው ላይ ክር አለ።

«ማንም የለ። እኔም እንዲሁ ጎራ ብዬ ነው።»

ልጅቱ ወደ እኔ ዞረች። እውነት ነው ብዬ ጭንቅላቴን ነቀነቅኩላት። እማኝ ብላ አስፈረመችኝ። ፊርማዬን አሳምሬ፣ ጭራውን አስረዝሜ ፈረምኩ።

ጥቅምት 6፣ ሐሙስ

ፍራሹ ተመልሷል፤ በርበሬ በርበሬ ይላል። ጋሽ ኑሪ ሲያስነጥሱ አድረው ዓይናቸው ቀልቷል። ጎብኚ ሆንኩልሽ አሉኝ። ስቄ ሞትኩ።

ጥቅምት 18፣ ማክሰኞ። ጠዋት 4፡00

ተመዘገበ!! ደብዳቤው እጄ ላይ ነው። ቤቱ አይፈርስም፤ ታድሶ ለጎብኚ ክፍት ይሆናል ይላል። በጎጃም በረንዳ በኩል እየሮጥኩ ሄድኩ፤ አንዱ ጋሪ ገፊ ሰደበኝ፣ ልስመው ምንም አልቀረኝ። ጋሽ ኑሪ ደብዳቤውን ሁለቴ አስነበቡኝ። ከዚያ አልሐምዱሊላህ አሉ። ደረጃውንም ይጠግኑት ይሆን ብለው ጠየቁ። አርባ ዓመት ከሥሩ ሲኖሩ ሰገነቱ ላይ የወጡት ሁለቴ ብቻ ነው።

ጥቅምት 20፣ ሐሙስ

ሌላ ደብዳቤ። ቃል በቃል ልገልብጥልህ፦ «ቤቱ ነዋሪ የሌለው መሆኑ በእማኝ ስለተረጋገጠ በአሥር ቀን ውስጥ ታሽጎ እድሳት ይጀመራል።»

በእማኝ። እማኟ እኔ ነኝ።

ዙሪያውን ቤታቸው ለሚፈርስባቸው ሁሉ ምትክ ተሰጥቷል። ራቅ ይላል፣ ግን ጣሪያ አለው፣ በር አለው። ቤታቸው ለማይፈርስባቸው ሰው ምንም የለም። ነገ መ/ቤቱ እሄዳለሁ።

ጥቅምት 21፣ ዓርብ። ከቀኑ 8፡00

መ/ቤቱ ሄድኩ። ያቺው ልጅ። ክፉ አይደለችም፣ ክፉ ብትሆን ይሻለኝ ነበር። ወንበር ሰጠችኝ፣ ፋይሉን አወጣች፣ ፊርማዬን አሳየችኝ። ዋሽቼ ነው አልኳት። አሁን እየዋሸሽ እንዳልሆነ በምን አውቃለሁ አለችኝ። በቁጣ አይደለም፣ በእውነት ጠየቀችኝ። ማስረጃ አምጪ አለች፤ የመብራት ቢል፣ መታወቂያ፣ የኪራይ ወረቀት። መብራቱ የሚመጣው ከጎረቤት በተቀጠለ ሽቦ ነው። መታወቂያቸው ላይ ያለው አድራሻ ድሮ የፈረሰ ሰፈር። የኪራይ ወረቀትማ በዚያ ቤት ተወልዶም አያውቅ።

ጥቅምት 25፣ ማክሰኞ

እትዬ ዘነበችን ለምስክርነት ይዤያት ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ ልክ ልካቸውን እነግራቸዋለሁ ስትል መጣች። ልጅቱ የእሷንም ፋይል ከፈተች። በዚያው ሳምንት ስለ አካባቢው ስትጠየቅ፣ ባለ ሰገነቱ ቤት ሰው የለበትም ብላ ኖሯል። እትዬ ዘነበች ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። «ምን ላርግ የኔ ልጅ፣ ልደብቃቸው ብዬ እኮ ነው» አለች። ልጅቱም አንገቷን ደፋች። ሦስታችንም እዚያ ተቀመጥን፣ ምን እንደምንጠብቅ እንጃ።

ሌሎቹ ጎረቤቶች ወደ ምትክ ቤታቸው ሄደዋል። ግማሹ ስልኩ አይነሣም። ያነሡትም እኔን ምስክርነት ውስጥ አታስገቢኝ ይላሉ። አልፈርድባቸውም።

ንዴቴን ለጋሽ ኑሪ አወራሁ። ይቆጡኛል ብዬ። በናትህ ደብተሬ፣ ቢቆጡኝ ምን ነበረ? አንቺ ምን አጠፋሽ፣ በገዛ አፌ ነው የለሁም ያልኩት አሉ። ከዚያ የሰው ሱሪ ማሳጠር ቀጠሉ። ሱሪው ለዓርብ ተቀጥሯል።

ጥቅምት 29፣ ቅዳሜ። ጠዋት 3፡00

ወጡ። ተክለ ሃይማኖት ጀርባ አንድ ልብስ ሰፊ ጓደኛቸው አልጋ አጋርቷቸዋል። የስፌት መኪናው አይገባም፤ በሩ ጠባብ፣ ክፍሉ ውስጥ ሁለት ሰው ተራ እየጠበቀ ነው የሚዞረው። እኔ ቤት እናስገባው አልኩ። እሱ እንኳ ይቅር፣ ቦታውን ያውቃል አሉኝ። ሙያ ያለው ሰው ያለ መኪናው ምን ይሆናል ብዬ ልጠይቅ ነበር፣ አልደፈርኩም። ፍራሹን እኔ ተሸከምኩ። አሁንም ያስነጥሳል።

ታኅሣሥ 14፣ ማክሰኞ

ሥራ ሰጡኝ። የዚያው ቤት አስጎብኚ፣ ቋሚ፣ ከነካኪ ኮቱ። እምቢ ልል ሦስት ቀን አሰብኩ። ተቀበልኩ። ቁልፉ እኔ ጋ ከሆነ አንድ ቀን አንድ ነገር ይሆናል ብዬ ራሴን አታለልኩ። ደረጃው ተሠርቷል። ጣውላው ተወልውሏል። መኪናው ያው ቦታው ላይ፣ ዙሪያውን ቀይ ገመድ። ጽሑፉ «የጥንት ልብስ ሰፊ የሥራ ቦታ» ይላል። ጥንት! አሁን ለጋሽ ኑሪ ስደውል ራት እየበሉ ነበር።

ጽሑፉ ይስተካከል ብዬ አመለከትኩ። ታትሟል ተባልኩ።

ታኅሣሥ 25፣ ቅዳሜ። ከቀኑ 11፡30

ተከፈተ። ሰው ግጥም ብሎ ነበር።

ጋሽ ኑሪ መጡ። ሳልጠራቸው። ነጭ ቆባቸውን አድርገው፣ ከሰልፉ መጨረሻ። በሩ ላይ ሲደርሱ ጫማቸውን አወለቁ፤ ጥበቃው አያስፈልግም አላቸው፣ አልሰሙትም፣ እንደ ሁልጊዜው ግድግዳው ሥር ደርድረው ገቡ። ካኪ ኮቴን አዩት። ትከሻው አልተቀመጠም አሉኝ ቀስ ብለው። እውነታቸውን ነው።

እኔ ማስረዳቴን ቀጠልኩ። የየመኑ ነጋዴ፣ ጣውላው፣ ሰገነቱ። መኪናው ጋ ስደርስ አንድ ጎረምሳ ይህ ልብስ ሰፊ መቼ ሞተ ብሎ ጠየቀኝ። ጋሽ ኑሪን አየኋቸው። ገመዱን በሁለት ጣታቸው ይዘው መርፌውን ያያሉ፤ ክሩን ማን እንዳወጣው እንጃ፣ የለም። አልሞቱም አልኩ። ድምፄ ወጥቶ ይሁን አይሁን አላውቅም፤ ልጁ ግን ወደ ደረጃው ሄዶ ነበር።

ስንጨርስ ወደ ላይ ወጡ። ሰገነቱ ላይ ትንሽ ቆሙ። ከላይ የሚታየው የፈረሰው ሰፈር ነው፣ አፈርና ቆርቆሮ። ወርደው ጫማቸውን አጠለቁ።

በሩ ላይ የጎብኚዎች መዝገብ አለ። ጥበቃው እስክሪብቶ ዘርግቶ ስምና አድራሻ ይጻፉ አላቸው። ወረቀቱን ሲያዩ ያ የማውቀው የመሰወር ነገር ፊታቸው ላይ መጣ። ፈገግ ብለው እጃቸውን አወዛወዙ።

«ተወው ልጄ፣ እኔ እንዲሁ ጎራ ብዬ ነው።»

ወጡ። ልከተላቸው ስል አሥር ሰው ከኋላዬ ይጠብቃል። በመስኮት አየኋቸው፣ እስኪታጠፉ ድረስ።

ሰው ካለቀ በኋላ መዝገቡን ከፈትኩ። በዛሬው ገጽ መጨረሻ ጻፍኩ። ስም፦ ኑሪ። ሙያ፦ ልብስ ሰፊ። አድራሻ፦ እዚሁ። ለእማኝ የተተወ ቦታ የለውም፣ ጠርዙ ላይ ፈረምኩ፣ ያንኑ ባለ ረጅም ጭራ ፊርማ። ሰኞ ጠዋት መዝገቡን ማስረጃ ብዬ ይዤ ልጅቱ ጋ እሄዳለሁ። አታምነኝም። ግን እሄዳለሁ።