ብቻውን የቀረ ይጻፍ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5

ዛሬም ተረፍኩ።

ፊልሙ ስለ ሁለት ሊፍት ጠጋኞች ነው። ተጣልተው ሳሉ አንድ ሊፍት ውስጥ ተቆልፎባቸው ይቀራሉ። ጥሩ ነው? መጥፎ ነው? እኔ ምን አውቄ... አንድ ሁለቴ ስቄያለሁ። መሳቄ ልክ ነው አይደለም እያልኩ ስጨነቅ ግማሹ አለፈኝ።

መብራቱ ሲበራ እንደ ልማዴ ጋሼን አየሁ። ከጀርባቸው ጋሼ መጋዝ ነው የሚሏቸው። ስንቱን ፊልም ሠሪ ከሥሩ ቆርጠው ጥለውታል። ዕድሜ ልካቸውን ስለ ፊልም ሲጽፉ የኖሩ ሰው ናቸው። ፊልም ከወደዱ መነጽራቸውን አውልቀው ይጠርጋሉ፤ ካልወደዱ አይነኩትም። ይህን የደረስኩበት እኔ ብቻ ነኝ። ከጋዜጣችን አራሚዎች ክፍል ወጥቼ የፊልም ገጹ ላይ ከተመደብኩ ጀምሮ በዚችው ዘዴ ነው የምኖረው።

ዛሬ ጠረጉ። አራት ኮከብ ብዬ ጻፍኩና ወረቀቴን አጥፌ ድምፃችንን በምንሰበስብበት የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ጣልኩ። ጋሼም አራት። ሦስተኛው ባልደረባችን ሳቂታውም አራት፤ እሱ ምኑን ጠልቶ ያውቃል። እትዬ አይሆንም የምንላቸው አራተኛዋ ሁለት ሰጡ፤ ከእሳቸው አፍ ሁለት ማለት ምርቃት ነው። ስለዚህ ዋናውን ጽሑፍ የሚጽፉት እሳቸው ናቸው፣ ከነፎቷቸው። የገጻችን አዘጋጅ ሕግ ነዋ፦ ብቻውን የቀረ ይጻፍ። ከሰው የተለየ ሰው ምክንያቱን ለአንባቢ ይናገር ነው ነገሩ። ሁላችን ከተስማማን ደግሞ ትልቁ ሰው ጋሼ ይጽፋሉ። ሁለት ለሁለት ከሆንን ጽሑፉ ይቀርና የፊልሙ ፎቶ ሰፋ ብሎ ይወጣል።

እኔ አንድም ቀን ብቻዬን ቀርቼ አላውቅም። እንዳልቀርም ነው የምጠነቀቀው። ስሜና ፎቶዬ ወጥቶ፣ ሰው ሁሉ "ለምን?" ብሎ ቢጠይቀኝ ምን እመልሳለሁ?

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9

እማዬ ጋዜጣውን ጮክ ብላ ካላነበበች ቅዳሜ የነጋ አይመስላትም።

"ደግሞ ከሰውዬው ጋር እኩል ሰጠሽ?"

"ፊልሙ ጥሩ ስለሆነ ነው።"

"ያለፈው ሳምንትስ?"

ሻዬን ማማሰል ጀመርኩ።

"አንቺ ልጅ፣ ሰውዬው ገደል ቢገቡ ተከትለሽ ልትገቢ ነው?"

እየሳቀች ነው ያለችው።  እናቴ ካወቀች ሌላው እስኪያውቅ ስንት ጊዜ ይቀረዋል?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

ጉድ ነው የፈላው።

የሰርከስ ውሻ ፊልም። ውሻው ጌታውን ፍለጋ አገር ያቆራርጣል፣ ባቡር ላይ ይሳፈራል፣ ፍርድ ቤት ይቀርባል... ጉንፋን ይዞኝ ስስል ነው ያለቀው። እንዲህ ያለ የማይረባ ነገር አይቼ አላውቅም። መብራት ሲበራ ግን ጋሼ መነጽራቸውን እየጠረጉ ነው። ደህና አድርገው ነው የጠረጉት። እጄ እያመነታ አራት ጻፍኩ።

ጋሼ አራት። ሌሎቹ ሁለቱ አንድ አንድ። ሳቂታው እንኳ አንድ ሰጠ። አዘጋጇ ወረቀቶቹን ይዛ ጋሼንና እኔን እያፈራረቀች አየችን።

"ምን አይታችሁ ነው እናንተ?"

"ውሻው ጥሩ ተጫውቷል" አሉ ጋሼ። ከዚያ በላይ አልደፈረቻቸውም። እኔን ብትጠይቀኝ ኖሮ እዚያው እወድቅ ነበር።

ኮሪደር ላይ ጋሼ ጠጋ አሉኝና "አንቺስ ከልብሽ ስትስቂ አልነበር?" አሉኝ በቀስታ።

"ኧረ ጋሼ፣ ጉንፋን ይዞኝ ስስል ነበር እኮ።"

ቆም አሉ። ከዚያ ግድግዳውን እየዳበሱ ሄዱ። ደክሟቸው ይሆናል።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16

እማዬ በእኔና በጋሼ ኮከብ ተማምና ጎረቤቷን ይዛ የውሻውን ፊልም አይታ መጣች። እስካሁን አላናገረችኝም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 19

የዛሬውን እንዴት ብዬ ልጻፈው...

አንዲት ሴት አልጋ ላይ የዋለ ባሏን ታስታምማለች። በቃ፣ ይኸው ነው። ንግግር እንኳ የለውም። ታጥባለች፣ ታገላብጣለች፣ ታጎርሳለች። መጨረሻ ላይ ሻንጣዋን ይዛ የተከፈተ በር ላይ ትቆማለች። ውጭው ይታያታል። ብዙ ቆመች። ከዚያ በሩን ዘጋችው። ከውስጥ። ሻንጣዋን አስቀመጠችና ወደ ጓዳ ገባች።

ስቅስቅ ብዬ እንዳላለቅስ እጄን ነክሼ ነው የዋልኩት። ጥርሴ ያረፈበት አሁንም ቀልቷል። አባዬ የታመመ ጊዜ ትዝ አለኝ። እማዬ ጎንበስ ቀና ስትል...

መብራት በራ። ጋሼን አየሁ። አልጠረጉም። ጠበቅኩ። መነጽራቸውን ሳይነኩ ቀስ ብለው ተነሡ።

 እንዴት ነው እኔ የማላውቀው? እሳቸው ያላዩትን እኔ ከየት አመጣሁት? ሁለት ጻፍኩ።

አራታችንም ሁለት። ሳቂታው ከመጀመሪያው አንስቶ ሲያንኮራፋ ነበር። ስለዚህ ጋሼ ይጽፋሉ። ፊልሙን የሚያሳየው አንድ ሲኒማ ቤት ብቻ ነው፤ ባለቤቱ ደግሞ እኛን አይቶ ነው የሚሰቅለውም የሚያወርደውም። ቅዳሜ ሁለት ካየ ሰኞ ያወርደዋል።

ምነው እጄን በቆረጠው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 21

የገጻችንን እርማት የማየው አሁንም እኔ ነኝ። ጠዋት የጋሼ ጽሑፍ መጣልኝ። እሳቸው በቃል እየነገሩ ጸሐፊዋ ናት የምትተይብላቸው፤ "እጄን ያመኛል" ይላሉ። እንዲህ ይላል፦ "ሴትዮዋ የታመመ ባሏን ጥላ፣ በሩን ዘግታ ስትሄድ ለምን እንደሆነ ፊልሙ ሊነግረን አልቻለም።"

ደግሜ አነበብኩት። አልሄደችም እኮ።

መቼም እኔ ነኝ፤ መጀመሪያ የተጠራጠርኩት ራሴን ነው። ሳቂታውን ጠየቅኩት። "እኔን ትጠይቂኛለሽ? ተኝቼ ነበር እኮ" አለ። እትዬ አይሆንምን ጠየቅኩ። "ከውስጥ ነዋ የዘጋችው፣ ሞኝ። እኔ ብሆን ሄጄ ነበር" አሉኝ።

ወንበሬ ላይ ተመልሼ ስቀመጥ ነው ነገሩ የተገጣጠመልኝ። በር ከውስጥም ተዘጋ ከውጭ ድምፁ አንድ ነው። ሳሌን ሳቅ ነው ያሉት... ግድግዳውን መዳበሳቸው...

ክፍላቸው ሄድኩ። ሬዲዮ ከፍተው ብቻቸውን ተቀምጠዋል።

"ጋሼ፣ ሴትዮዋ እኮ አልሄደችም።"

"በሩ ተዘግቷል።"

"ከውስጥ ነው የዘጋችው። ሻንጣዋንም አስቀመጠች።"

"ሻንጣ ይዛ ነበር?"

ሬዲዮውን አጠፉት። 

"ከመቼ ጀምሮ ነው ጋሼ?"

"ዓይኔ ከከዳኝ ቆየ። ብርሃንና ጥላ ይለይልኛል። ሌላውን በጆሮዬ ነው የምጨርሰው... በጆሮዬ ስልሽ ባንቺ ነው። ስትስቂ እሰማለሁ። ሲጨንቅሽ ወንበርሽ ይንቋቋል። እንዳንቺ ፊልም የሚሰማው ሰው የለም። ባንቺ እየተመራሁ ነው የኖርኩት።"

"እኔ እኮ እርስዎን እያየሁ ነው ኮከብ የምሰጠው። መነጽርዎን ሲጠርጉ ወደዋል እያልኩ..."

"መነጽሬን? ዓይኔ እያነባ እኮ ነው የምጠርገው። በሽታ ነው፣ ልጄ።"

"ማክሰኞስ?"

"ማክሰኞ የዓይን ጠብታ አድርጌ ነበር።"

ሳቁ። ትከሻቸው እስኪነቃነቅ ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ይህን ሁሉ ጊዜ እሳቸው በእኔ፣ እኔ በእሳቸው... ሰው እኛን አምኖ ሲኒማ ይገባል። ዕውር ዕውርን ቢመራው የሚባለው እኛ ሆነን አረፍነው።

"ይኼኛው ላይ ድምፅሽን ምነው አጠፋሽብኝ?" አሉኝ።

"እንዳላለቅስ እጄን ነክሼ ነበር።"

ሳቃቸው ቆመ። ክንዴን ፈልገው ያዙት። "እንዳትነግሪብኝ። ቤት ከዋልኩ አለቀልኝ። ሲኒማ ካልገባሁ የት እገባለሁ?" መጋዝ የሚባሉት ሰውዬ ድምፃቸው ተንቀጠቀጠ። ለካ እሳቸውም ይፈራሉ። 

ቃሉን ላርመው ብል ጽሑፋቸው በሙሉ በዚያ ላይ ነው የቆመው። ልተወው ብል ቅዳሜ መሳቂያ ይሆናሉ፤ ያየ ሰው ሁሉ ያውቅባቸዋል። አንድ መንገድ ብቻ ነው ያለው። ገና እያወሩኝ ገብቶኛል፤ ግን እንዳልገባው ሰው ቁጭ አልኩ። ኮከቤን ብቀይር ብቻዬን እቀራለሁ። ብቻዬን ከቀረሁ እኔ እጽፋለሁ፣ የእሳቸው ጽሑፍ ይነሳል። ደግሞም ፊልሙ ሁለት አይደለም። ከመጀመሪያውም ሁለት አልነበረም።

መጸዳጃ ቤት ገብቼ ፊቴን ታጠብኩ። አምላኬ ሌላ ሰው አምጣልኝ አልኩ። ማን ይመጣል?

አዘጋጇ ቀና አላለችም። "ኮከቤን መቀየር እፈልጋለሁ" ስላት ግን እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

"አንቺ?"

"አዎ።"

"ወደ ስንት?"

"አምስት።"

ሰዓቷን አየች። "ገጹ ከምሳ በኋላ ይዘጋል። ፎቶ አለሽ?"

ምን እንደጻፍኩ አላስታውስም። ስለ በሩ ነው የጻፍኩት።

ዓርብ፣ ጥቅምት 22

እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ጋዜጣው ማተሚያ ቤት ገብቷል። ደውዬ አቁሙልኝ ብል ይሰሙኛል? እትዬ አይሆንም ተሳስተውስ ቢሆን? እኔስ ያየሁት ያማረኝን ቢሆንስ?

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 23

ወጣ። ፎቶው የመታወቂያዬ ነው፤ ፖሊስ የሚፈልገኝ ነው የምመስለው።

እማዬ ዛሬ ጮክ ብላ አላነበበችም። ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ለብቻዋ ጨረሰችው። ጋዜጣውን አጠፈች። ከአሁን አሁን ትስቅብኛለች እያልኩ ስጠብቅ፦

"እኔም እኮ በሩ ድረስ ሄጄ ነበር። አባትሽ ታሞ ሳለ።"

"መቼ?"

"አንቺ ትምህርት ቤት ሳለሽ። ልብሴን ሁሉ ቋጥሬ።"

ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች። ተከትዬያት ልገባ ፈለግኩ፤ ፈራሁ። በኋላ ግን ገባሁ። ሽንኩርት እየላጠች ነው። አጠገቧ ቆሜ አብሬያት ላጥኩ። 

ከሰዓት ቢሮ ስገባ አንድ ሰው ደውሎ "ጊዜዬን መልሺልኝ" ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋው። አንዲት ሴት ደግሞ ደውላ ምንም ሳትናገር አለቀሰች። 

ሰኞ፣ ጥቅምት 25

ሲኒማ ቤቱ ፊልሙን አላወረደውም። የገባው ሰው በጣት የሚቆጠር ነው አሉ፤ ግን አላወረደውም።

ጋሼ ስለ ዓይናቸው ለአዘጋጇ ራሳቸው ነገሯት። እኔ አልተነፈስኩም ነበር። ዕቃቸውን ሲሰበስቡ ደረስኩ።

"ጋሼ፣ ማን አስገደደዎት? እኔ እኮ ለዚህ ብዬ ነው..."

"አንቺ እየተንቀጠቀጥሽ ወጥተሽ ስትቆሚ እኔ ከኋላሽ ልደበቅ? ነውር አይደለም?"

ከንፈራቸው ደርቋል። ደረጃውን እጃቸውን ይዤ አወረድኳቸው። ስመለስ ወንበራቸው ባዶ ነው። ከዚህ በኋላ ማክሰኞ ማክሰኞ ማንን ልይ? እዚህ ቤት ከገባሁ ጀምሮ እንደ ዛሬ ፈርቼ አላውቅም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3

አዘጋጇ ፈቅዳላቸው ጋሼ በእንግድነት መጡ። ከጎኔ አስቀመጥኳቸው። ፊልሙ ስለ አንድ ዘፋኝ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። የሚታየውን ሁሉ በጆሯቸው ነገርኳቸው፤ ዝናቡን፣ የተሳፋሪዎቹን ፊት፣ የሰውዬውን እጅ። እትዬ አይሆንም "ገበያ መሰላችሁ?" ብለው ተቆጡን።

መብራት በራ።

"ግሩም ነው" አሉ ጋሼ። "አምስት።"

"ሁለት ነው ጋሼ።"

"ምን? ያ ሁሉ ዘፈን?"

"ዘፈኑ ጥሩ ነው። ፊቱ ላይ ግን ምንም የለም። እናቱ የሞተች ጊዜም ያው ነው።"

"ተሳስተሻል።"

"ልሳሳት እችላለሁ።"

"ልጅ ነሽ፣ አታውቂም፣ ተሳስተሻል" እያሉ ከዘራቸውን ወለሉ ላይ መቱት። ከተዋወቅን ጀምሮ ተከራክረን አናውቅም። 

ሳቂታው ከኋላዬ አንገቱን አስግጎ "ስንት ልትዪ ነው?" አለኝ። ወረቀቴን በመዳፌ ሸፈንኩት። አጥፌ ጣልኩት።

ሳቂታው አምስት። እትዬ አይሆንም እንኳ አምስት፤ እንዲህ ሲሰጡ ታይቶ አያውቅም። እኔ ሁለት። አዘጋጇ ምንም ሳትለኝ ወደ ጠረጴዛዬ ጠቆመችኝ።

ይኸው ልጽፍ ቁጭ ብያለሁ። ፍርሃቴ እንደ ድሮው ነው። ጋሼ ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀምጠው እስካሁን ይሞግቱኛል። ይሞግቱኝ፤ ሁለት ነው።