የዓሣ ራስ ቅል ሲያዘጋጁ የኖሩት ጋሼ

ዛሬ የምንሸኛቸው ታላቅ ወንድማችን ከአናጺ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው ግንቦት 12 ቀን 1945 ዓ.ም. ተወለዱ። ከአራት ልጆች የመጀመሪያው ናቸው። እኛ ታናናሾቻቸው «ጋሼ» እንላቸው ነበር፤ የሥራ ባልደረቦቻቸው ግን በክሳታቸው የተነሳ «አጥንቴ» አሏቸው። እሳቸውም አልከፋቸውም።

ሁለተኛ ደረጃ እንደጨረሱ፣ በ1965 ዓ.ም. በተፈጥሮ ሙዚየም የዓሣ ክፍል ተቀጠሩ። ሥራቸው በግንባር ላይ በበቀለ ዘንግ ሌላ ዓሣ እያባበሉ የሚውጡትን የጥልቅ ባሕር ዓሦች ራስ ቅል ማዘጋጀት ነበር። ሥጋውን በመድኃኒት እንደ መስታወት አጥርተው፣ አጥንቱን ቀይ ቀለም አስጠጥተው፣ ከዓይን በላይና ከመንጋጋ መጋጠሚያ ሥር ያሉትን እሾሆች በማጉሊያ መነጽር እየቆጠሩ ይስሉ ነበር። አጥንቱ በጣም ስስ ስለሆነ ሲሠሩ ትንፋሻቸውን ይይዙ ነበር። በ1970 ዓ.ም. እዚያው የምትሠራ ባልደረባቸውን አግብተው ሁለት ሴት ልጆች አፍርተዋል።

በ1974 ዓ.ም. አንዲት የመንጋጋ እሾህ በወረንጦአቸው ተሰበረችና ጠፋች። ደንግጠው ሳይናገሩ ሰነበቱ፤ ዓሣውንም ያለዚያች እሾህ ሳሉት። የክፍሉ ኃላፊም ሥዕላቸውን አይተው ያቺ እሾህ የሌለችበት አዲስ ዝርያ ተገኘ ብለው አሳተሙ። ጋሼ ምስጢሩን ያካፈሉት ለአንድ ታናሽ ወንድማቸው ብቻ ነበር። እሱም «ጋሼ፣ አፍህን ያዝ፤ የልጆች አባት ነህ» አላቸው።

ሃያ ሁለት ዓመት አፋቸውን ያዙ። በ1996 ዓ.ም. ግን አንዲት ወጣት ተመራማሪ የዚያን ዓሣ ቢጤ ፍለጋ ሦስት ዓመት እንደፈጀች ባልደረቦቻቸው ሲነግሯቸው አላስቻላቸውም። ጠረጴዛቸው ዘንድ አስጠርተው የተሰበረውን የእሾህ ሥር በመነጽር አሳዩዋት፤ ስህተቱ የራሳቸው መሆኑንም ጽፈው በስማቸው አሳተሙ። አለቆቻቸውም ከሥዕል ሥራው አንስተው ምድር ቤት የናሙና ጠርሙስ ላይ ወረቀት እንዲለጥፉ መደቧቸው። በ2005 ዓ.ም. ጡረታ የወጡትም ከዚያው ነው።

ያ ታናሽ ወንድም ስማችንን አጎደፉ ብሎ አምስት ዓመት አኩርፏቸዋል። እሱም ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ። በኋላ ቤታቸው መመላለስ ብጀምርም ነገሩን አንስተን አናውቅም። ሳንባቸው ታምሞ አልጋ ሲይዙም ሁለት ጊዜ ጠይቄያቸው፣ ስለ አየሩ ቅዝቃዜ አውርተን ተለያየን።

ጋሼ የካቲት 3 ቀን 2016 ዓ.ም. በሰባ ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸው፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውና እኛ ሦስት ታናናሾቻቸው አለን። ፈጣሪ እውነተኛይቱን ነፍስ በክብር ይቀበላት። ጋሼ፣ ልክ ነበርክ፤ በቁምህ ሳልነግርህ ቀረሁ።