የቀዩ ጋሻ የይለፍ ቃል

ሰኞ፣ ኅዳር 2 ቀን 2006

ሁለት ክፍል አስተማርኩ። ጠመኔ አልቆብኝ ከጎረቤት ክፍል ተዋስኩ። ቤት ስገባ ሚስቴ ትርንጎ ኮምፒውተሩን ከፍታ፣ እሱ እስኪነሣ ሽንኩርት ትልጣለች። ልጣ ጨረሰች፤ እሱ አልተነሣም። ሲነሣ ደግሞ ስክሪኑ ላይ ያ ቀይ ጋሻ ብቅ አለ… «ነጻ ጊዜዎ አልቋል፣ ይክፈሉ»። በዶላር! ደብረ ታቦር ተቀምጬ ዶላር ከየት ላምጣ?

«የኔ ፍላሽ ያመጣው ጣጣ ነው። ይቅርታ በቃ» አለች።

«አይዞሽ፣ ያጋጥማል» አልኳት።

እዚህ እንኳ እውነቱን ልጻፍ። ጋሻውን የጫንኩት እኔ ነኝ። መስከረም ላይ «ነጻ ነው፣ ከቫይረስ ይጠብቃል» ሲል ጊዜ ደስ ብሎኝ «እሺ»ን ተጫንኩ። ትርንጎ ያኔ ለማስተርስ ጽሑፏ ጉና ሥር ገበሬ ስትጠይቅ ነበረች። ማሽኑ መንቀራፈፍ ሲጀምር «ከግብርና ቢሮ ያመጣሽው ፍላሽ ነው» አልኳት። ለምን? እንጃ… የፊዚክስ መምህር፣ የቤቱ ኮምፒውተር አዋቂ… «ተሳሳትኩ» ማለት ሞት መሰለኝ። ፍላሽ የሚባል እንዳይገባም ከለከልኩ። ስለዚህ መቶ አስራ ስምንት ገበሬ ስለ ድንች ዘር አቀማመጥ ጠይቃ የጻፈችው ሁሉ እዚህ ማሽን ላይ ብቻ ነው ያለው። ቅጂ የለውም። ማስገቢያው ኅዳር 23።

ረቡዕ፣ ኅዳር 4

ተገላገልኩ! ጋሻውን ጎትቼ ስክሪኑ ላይ ያለው ቅርጫት ውስጥ ከተትኩት። ቅርጫቱንም ባዶ አደረግኩት። ትርንጎ «እግዜር ይስጥህ፣ ይሻው» አለች። መምህራን ማረፊያ ሄጄም አወራሁት፣ ሁለት ጊዜ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 5

ተመልሷል።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

ጉድ ፈላ። ጋሻው የትርንጎን ጽሑፍ «አጠራጣሪ ነው» ብሎ ወስዶ ቆለፈበት። ሰባ ሁለት ገጽ! ኧረ ድንች ምኑ ያጠራጥራል?

ትርንጎ አለቀሰች። «ያን ፍላሽ የነካ እጄ በተሰበረ» አለች።

እኔ ጀርባዋን መታ መታ አደረግኩ። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ!

ዓርብ፣ ኅዳር 13

ሙላቴ ዘንድ ሄድኩ። መናኸሪያው ፊት ለፊት ኮምፒውተር ይጠግናል። ተማሪዬ ነበር። በፊዚክስ ጥዬዋለሁ… «አንተ የትም አትደርስ» ማለቴም ትዝ ይለኛል። እሱም አልረሳውም መሰለኝ፤ ወንበር ሲስብልኝ ፈገግ ብሏል።

የቅርጫቱን ነገር ስነግረው «ቲቸር፣ የጣሉት ምልክቱን ብቻ ነው። ታፔላውን ነቅሎ ሱቁ ተዘጋ እንደማለት ነው» አለኝ። ተረጋግቶ አስረዳኝ፣ እኔ ለሱ አስረድቼው በማላውቀው ትዕግሥት። መጀመሪያ የተቆለፈውን ጽሑፍ ማስለቀቅ፤ ጋሻው ቀድሞ ከተነቀለ ጽሑፉን ይዞ ይጠፋል። ከዚያ ፕሮግራሙን መንቀል። ዘግቶ መክፈት። የተረፈውን በማጽጃ መጥረግ። ማጽጃውንም ሰጠኝ… በፍላሽ!

«ግን የይለፍ ቃል ይጠይቅዎታል። የጫነው ሰው ያስገባውን።»

«የጫነው ሰው የለም። በሚስቴ ፍላሽ ነው የመጣ።»

«ቲቸር፣ ይሄ በፍላሽ አይመጣም። ሰው ወዶ ነው የሚጭነው። ቃሉ ከጠፋ ማሽኑን ሙልጭ አድርጎ ማጥፋት ነው፤ ጽሑፉም አብሮ ይሄዳል።»

አመስግኜ ወጣሁ። ዛሬ የወደቅኩት እኔ ነኝ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 17

ትርንጎ ፈቃድ ወስዳ መጠይቆቹን አልጋው ላይ ዘርግታ እንደ አዲስ ትጽፋለች። ከወንበሩ አትነሣም። ቃሉን አውቀዋለሁ እኮ! አሥር ደቂቃ ባገኝ… ብቻዬን… እሷ ሳታይ…

ገጽ ዘጠኝ ላይ ናት። አንተ ሰውዬ፣ ምን ዓይነት ፍጡር ነህ?

ቅዳሜ፣ ኅዳር 21

ጽዮን ናት። ትርንጎ ቤተ ክርስቲያን እንደሄደች ዘልዬ ተቀመጥኩ። መብራት ሄደ። ጠበቅኩ… ጠበቅኩ… እሷ በበሩ ስትገባ መብራቱም አብሯት ገባ።

እጄ ላይ የሙላቴን ፍላሽ አየች። «ፍላሽ ይቻላል እንዴ?»

«ይሄ… መድኃኒቱ ነው።»

«በል ተነሣ። እስካሁን የነካካኸው ይበቃል። አንተ ንገረኝ፣ እኔ እጫናለሁ።»

ጽሑፉ የተቆለፈበት ጋ ደረስን። የይለፍ ቃል ጠየቀ። ዞር ብላ አየችኝ። «አላውቀውም» ብል ማን ያውቅብኛል? ግን ማስገቢያው ከነገ ወዲያ ነው። ዓይኗ ሥር ጠቁሯል።

«ኢ» አልኩ። «ኤን። ጂ። አይ። ኤን።» ድምፄ እየቀጠነ ሄደ። «ኢ። ኢ። አር።»

«ቀጥል።»

«ዋይ። አይ። ኤስ። ኤች። ኤ። ደብልዩ።»

ተከፈተ። ሰባ ሁለቱም ገጽ አለ። ትርንጎ ግን ጽሑፉን አላየችም።

«ኢንጂነር ይሻው» አለች፣ ቀስ ብላ።

«እኔ ነኝ የጫንኩት። መስከረም ላይ። ፍላሽሽ ምንም አላደረገም።»

«እኔ እኮ ይቅርታ ስጠይቅህ ነበር።»

«አዎ።»

«አንተም አይዞሽ ስትለኝ ነበር።»

ጽሑፉን በራሷ ፍላሽ ገለበጠች። ጋሻውን ነቀለች፣ ዘግታ ከፈተች፣ ትርፍራፊውን ጠረገች፣ ደግማ ዘጋች። ሲከፈት ቀይ የሚባል ነገር የለም። ማሽኑ ፈጥኗል። እኔ ግን አፈርኩ፣ ከልቤ አፈርኩ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 24

ትርንጎ ትናንት ጽሑፏን አስገባች። የኮምፒውተሩን የይለፍ ቃልም ቀይራለች። ፈተና ለማውጣት እሷን ለምኜ አስከፍታለሁ። ይገባኛል።

ዛሬ መምህራን ማረፊያ የባዮሎጂዋ ዓለሚቱ «ይሻው፣ ኮምፒውተሬ አልነሣ አለኝ፣ አንተ ታውቅበት የለ?» አለችኝ። «ችግር የለም» ልል አፌን ከፈትኩ… «አላውቅበትም» አልኩ። «የኛን ያዳነችው ትርንጎ ናት።» አራት መምህራን ዞረው አዩኝ። ሻዬን ጠጣሁ።

ቤት ገብቼ ለትርንጎ ነገርኳት። ከቅዳሜ ወዲህ «ራት ቀርቧል» ከማለት በቀር አላናገረችኝም። ልብስ እያጠፈች ነበር።

«ምን አልካቸው?» አለች፣ ቀና ሳትል።

«አላውቅበትም አልኳቸው።»

«አልሰማሁም።»

«አላውቅበትም።»

አሁን ቀና አለች። ሳቋ አምልጧት ከንፈሯን ነከሰች። «እስቲ ድገመው።»

ደገምኩላት።